ቴሌቪዥናችሁ የቪዲዮውን ጠርዝ ሲቆርጥ ምን ማድረግ አለባችሁ

ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኛችሁ፤ ከታች ሰዓትና ቀን የሚታይበት መስመር ግማሹ የለም። ወይ ደግሞ ፊልም እያያችሁ ሰብታይትሉ ሁለት መስመር ሲሆን የታችኛው ይጠፋል። ኳስ ስታዩ ውጤቱ የሚጻፍበት ጥግ ተበልቶ የአንዱ ቡድን ስም ግማሹ ብቻ ይቀራል። ብዙ ሰው ይሄኔ ስክሪኑ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል፤ ሮጦ ገመድ የሚቀይርም አለ። የኤችዲኤምአይ ገመድ ግን ጠርዝ አይቆርጥም። ገመዱ ከተበላሸ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ነጠብጣብ ያመጣል ወይ ጭራሽ ይጠፋል እንጂ አራቱን ጎን እኩል አይበላም። ችግሩ ያለው ሴቲንግ ላይ ነው፤ መፍትሔውም በአብዛኛው እጃችሁ ላይ ባለው ሪሞት ይገኛል።

ከሁሉ በፊት ቅደም ተከተሉን ያዙ። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ፣ ቀጥሎ የተሰካው ዕቃ፣ በመጨረሻ ቪዲዮው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር "ከላፕቶፑ ላይ ምስሉን አሳንሰው" የሚል ነው። እንደዚያ ስታደርጉ ጠርዙ ይመለሳል፣ ጽሑፉ ግን ይደበዝዛል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ቴሌቪዥኑ ምን እያደረገ እንደሆነ ማወቅ ይበቃል።

ቴሌቪዥን ጠርዝ የሚቆርጠው ለምንድን ነው?

ነገሩ የመጣው ከድሮዎቹ ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥኖች ነው። በእነሱ ላይ የምስሉ መጠን አንድ ቦታ አይረጋም ነበር። የኤሌክትሪኩ ኃይል ከፍ ዝቅ ሲል፣ ምስሉ በጣም ሲደምቅ፣ ዕቃው ሲያረጅም ይሰፋል፣ ይጠባል፤ ጠርዙም ይንጋደዳል። አምራቾቹ ይህን ለመደበቅ ምስሉን ከስክሪኑ ትንሽ አስበልጠው ሠሩትና ጠርዙ ከፍሬሙ ጀርባ እንዲቀር አደረጉ። ይህ አሠራር ኦቨርስካን ይባላል። ጠፍጣፋዎቹ ቴሌቪዥኖች እያንዳንዱ ፒክሰል፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራበት ትንሽ ነጥብ፣ ቦታው የተወሰነ ስለሆነ ይህ ጣጣ የለባቸውም። ሆኖም ልማዱ ቀርቶ አልቀረም፤ ዛሬም ብዙ ቴሌቪዥን ከካርቶን ሲወጣ ኦቨርስካኑ እንደበራ ነው።

በቁጥር እንየው። ምስሉ 1920 በ1080 ፒክሰል ነው እንበል። ቴሌቪዥኑ ከእያንዳንዱ ጎን 2.5 በመቶ ቢቆርጥ ከግራና ከቀኝ 48፣ ከላይና ከታች 27 ፒክሰል ይሄዳል። የሚቀረው 1824 በ1026 ነው። ቴሌቪዥኑ ይህን ይለጥጥና እንደገና 1920 በ1080 ያደርገዋል። ስለዚህ የጠፋው ጠርዙ ብቻ አይደለም፤ የቀረውም ተለጥጦ ስለቀረበ ጥራቱን አጥቷል። ቀጫጭን ፊደላት ላይ ቀረብ ብላችሁ ብታዩ ዳር ዳራቸው እንደ ጉም ሆኖ ታገኙታላችሁ።

አሁን ላፕቶፑ ላይ ምስሉን አሳነሳችሁ እንበል። ላፕቶፑ 1920 የነበረውን ወደ 1824 ይጨምቀዋል፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ መልሶ ወደ 1920 ይለጥጠዋል። አንዱ ምስል ሁለት ጊዜ ተቀየረ ማለት ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ኦቨርስካኑን ብታጠፉት ግን የተላከው እያንዳንዱ ፒክሰል በስክሪኑ የራሱ ፒክሰል ላይ ያርፋል። ጠርዙም ጥራቱም አብረው ይመለሳሉ። ከቴሌቪዥኑ ጀምሩ የምላችሁ ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የሚቆርጠውን ለዩ

ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ያገኛችሁትን ሁሉ ከመነካካታችሁ በፊት የሙከራ ምስል ሥሩ። ከባድ ነገር አይደለም። ማንኛውም የስዕል ፕሮግራም ላይ 1920 በ1080 የሆነ ባዶ ነጭ ምስል ክፈቱ። በአራቱም ጎን፣ ልክ ጫፉ ላይ፣ ቀጭን ቀይ መስመር አስምሩ። ከዚያ ከግራና ከቀኝ 48፣ ከላይና ከታች 27 ፒክሰል ወደ ውስጥ ገብታችሁ ሰማያዊ ሳጥን ሥሩ። መሃል ላይ አንድ ትክክለኛ ክብ አስቀምጡ። የላፕቶፑን ሬዞሉሽን 1920 በ1080 አድርጋችሁ ይህን ምስል የዴስክቶፕ ጀርባ አድርጉት፤ ፎቶ መክፈቻ ፕሮግራሞች ዳር ላይ ክፍት ቦታ ስለሚተዉ ያሳስታሉ። ችግሩ የሚታየው ከፍላሽ ስታጫውቱ ከሆነ ምስሉን በፍላሹ ክፈቱት። ችግሩ በሚመጣበት መንገድ ካልሞከራችሁት ቴሌቪዥኑ ሌላ ነገር ሊያሳያችሁ ይችላል።

አሁን ስክሪኑን አንብቡ። ቀዩ መስመር ከአራቱም ጎን ከጠፋ ኦቨርስካን ነው። ሰማያዊው ሳጥን የስክሪኑን ጠርዝ ከነካ የሚቆረጠው ከየጎኑ 2.5 በመቶ ገደማ ነው። ሰማያዊው ሳጥንም ጭምር ጠፍቶ ክቡ ክብ እንደሆነ ከቀረ የሆነ ቦታ ዙም ተደርጓል። ከግራና ከቀኝ ብቻ ከተቆረጠ ደግሞ ለድሮው 4 ለ3 ስክሪን የተዘጋጀ አቆራረጥ ውስጥ ገብታችኋል። ክቡ እንቁላል ከመሰለ የምስሉ ምጥጥን፣ ማለትም ወርዱ ከቁመቱ ጋር ያለው ልክ፣ ተዛብቷል። በአንድ ጎን ተቆርጦ በተቃራኒው ጥቁር ክፍተት ከታየ ምስሉ ቦታውን ስቷል፤ ይህ በአብዛኛው የሚመጣው በቪጂኤ፣ በድሮው የኮምፒውተር ስክሪን ገመድ፣ ነው። የሙከራ ምስሉ ሙሉ ሆኖ ታይቶ አንድ ፊልም ብቻ ከተቆረጠ ግን ቴሌቪዥኑን አትንኩት፤ ጉዳዩ ከፊልሙ ወይም ከማጫወቻው ነው።

ቴሌቪዥኑ ላይ

አስቸጋሪው ነገር አምራቾቹ ለአንድ ነገር የተለያየ ስም መስጠታቸው ነው። "ኦቨርስካን" የሚለውን ቃል ፈልጋችሁ ካጣችሁት የለም ማለት አይደለም። ቦታው እንደ ሞዴሉ ዓመት ቢለያይም በአብዛኛው የሚገኘው ፒክቸር ወይም ስክሪን በሚለው ሜኑ ውስጥ፣ የምስሉ መጠን የሚመረጥበት ቦታ ነው።

ሳምሰንግ ላይ "ፒክቸር ሳይዝ" ውስጥ ገብታችሁ "ፊት ቱ ስክሪን" የሚለውን አብሩ። በቆዩት ሞዴሎች ላይ "ስክሪን ፊት" ተብሎ ከ16:9 (የዛሬው ሰፊ ስክሪን ቅርጽ) ጋር በአንድ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ኤልጂ ላይ "አስፔክት ሬሾ" ውስጥ "ጀስት ስካን" ነው። ሶኒ ላይ "ዲስፕሌይ ኤሪያ" ውስጥ "ፉል ፒክሰል" የሚለውን ምረጡ። ፓናሶኒክ "16:9 ኦቨርስካን" ብሎ በግልጽ ጽፎታል፤ አጥፉት። የፊሊፕስ የቆዩ ሞዴሎች "አንስኬልድ" ይሉታል። ሻርፕ "ዶት ባይ ዶት" ይለዋል። ሮኩ የሚሠራባቸው ቴሌቪዥኖች ላይ "ዳይሬክት" የሚል ታገኛላችሁ። ሌላ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ ያሉትን አንድ በአንድ እየመረጣችሁ ቀዩን መስመር ተመልከቱ። አራቱም ጎን ላይ የወጣበት ነው ትክክለኛው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። "16:9" ወይም "ፉል" ተመርጧልና ምንም አይቆረጥም ማለት አይደለም። እነዚህ ቃላት ስለ ምስሉ ቅርጽ ነው የሚናገሩት፤ ኦቨርስካኑ ከበስተጀርባ እንደበራ ሊሆን ይችላል። "ኦቶ" የሚለውንም አትመኑት፤ ቴሌቪዥኑ በገባው ሲግናል ላይ ተመሥርቶ ራሱ ስለሚወስን ዛሬ ልክ የነበረው ነገ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ምርጫው ደብዝዞ አልመረጥ ካለ በቴሌቪዥኑ አትፍረዱ። ብዙ ጊዜ የገባው ሲግናል ዝቅተኛ በመሆኑ ነው። ለምሳሌ ጀስት ስካን የሚሠራው ከ720ፒ (ቁመቱ 720 ፒክሰል) ጀምሮ ላለ ሲግናል ነው። የተሰካውን ዕቃ ወደ 1080ፒ ከፍ አድርጉትና ተመልሳችሁ ሜኑውን ክፈቱ። በቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመድ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ብዙ ጊዜ መቁረጡን እንድታጠፉ አይፈቅድም። ዕቃው ኤችዲኤምአይ ካለው በዚያ ቀይሩት፤ ጥራቱም አብሮ ይሻሻላል።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር፣ ይህ ሴቲንግ ብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ የሚቀመጠው ለእያንዳንዱ መሰኪያ ለብቻው መሆኑ ነው። ኤችዲኤምአይ 1 ላይ አስተካክላችሁ ገመዱን ወደ ኤችዲኤምአይ 2 ብታዞሩት እንደ ድሮው ይቆርጣል። "አስተካክዬው ነበር፣ ራሱ ተመልሶ ተበላሸ" የሚለው ቅሬታ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ የምትጠቀሙባቸውን መሰኪያዎች ሁሉ እየዞራችሁ አስተካክሉ።

ኮምፒውተር የምትሰኩ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ዘዴ አለ። በሳምሰንግና በኤልጂ ላይ የመሰኪያውን ስም ወይም ምልክት ወደ "ፒሲ" መቀየር ይቻላል። ስሙን መቀየር ብቻ ይመስላል፣ ግን ቴሌቪዥኑ የገባው የኮምፒውተር ምስል መሆኑን ስለሚያውቅ ጠርዙን መቁረጥ ያቆማል፣ ምስሉን ለማሳመር የሚያደርጋቸውን ብዙ ነገሮችም ይተዋል። የጽሑፉ ጥራት ላይ ያለውን ለውጥ ወዲያው ታዩታላችሁ። ላፕቶፕ ለሚሰካ ሰው ሁሉ የምመክረው ይህን ነው።

ሁለት የምትገረሙባቸው ነገሮች ሊገጥሟችሁ ይችላሉ። ኦቨርስካኑን ካጠፋችሁ በኋላ አንዳንድ የቆየ ጥራት ያላቸው የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ላይ፣ ከላይኛው ጠርዝ ጋር ብልጭ ድርግም የሚሉ ነጫጭ ሰረዞች ልታዩ ትችላላችሁ። ብልሽት አይደለም። ከምስሉ ጋር የሚላክ እንደ ሰብታይትል ያለ መረጃ ነው፤ ድሮ ከፍሬሙ ጀርባ ይቀር ስለነበር ማንም አያየውም ነበር። ካስቸገራችሁ ለዚያ ጣቢያ ብቻ ኦቨርስካኑን መልሱት። ሁለተኛው ኦሌድ ቴሌቪዥን ላላቸው ነው። እነዚህ ስክሪኖች ምስሉ በአንድ ቦታ ደርቆ ምልክት እንዳይተው ምስሉን በየጊዜው ጥቂት ፒክሰል ወዲህ ወዲያ ያንቀሳቅሱታል። ከአንዱ ጎን ክር የምታህል መስመር ብትጠፋ እሱ ነው፣ ተዉት።

ጠጋኞች ወደሚገቡበት ድብቅ ሜኑ ግን አትግቡ። አንዳንድ ቪዲዮዎች ላይ የሪሞት ቁልፎችን በተወሰነ ቅደም ተከተል ተጭናችሁ እንድትገቡ ይመክራሉ። እዚያ ውስጥ አንድ ቁጥር ብትሳሳቱ ስክሪኑ ጭራሽ ላይበራ ይችላል። ጠርዝ ለማስመለስ ይህን ያህል ቁማር አያስፈልግም።

የተሰካው ዕቃ ላይ

ቴሌቪዥኑን አስተካክላችሁ ምስሉ አሁን በተቃራኒው ከጠበበና ዙሪያውን ጥቁር ፍሬም ከያዘ፣ ዕቃው ከድሮ ጀምሮ ምስሉን እያሳነሰ ነበር ማለት ነው። ወደ ሙሉ መጠኑ መመለስ ብቻ ነው። የኤኤምዲ ግራፊክስ ካርድ ያላቸው ኮምፒውተሮች ይህን በራሳቸው ሲያደርጉ ይታያል። የኤኤምዲን ሶፍትዌር ክፈቱ፣ ዲስፕሌይ ውስጥ "ኤችዲኤምአይ ስኬሊንግ" የሚለውን ፈልጉና ዜሮ በመቶ ላይ አድርጉት። ኤንቪዲያ ላይ "አድጀስት ዴስክቶፕ ሳይዝ ኤንድ ፖዚሽን" የሚል ገጽ አለ። ኢንቴል ላይ ደግሞ በግራፊክስ ኮማንድ ሴንተር ውስጥ ዲስፕሌይ ገብታችሁ "ስኬል" የሚለውን ታገኛላችሁ። ማክ ላይ ዲስፕሌይስ ውስጥ "አንደርስካን" የሚል ተንሸራታች ይወጣል።

ዊንዶውስ ላይ ከዚህ ሁሉ በፊት ሬዞሉሽኑን አረጋግጡ። ዴስክቶፑ ላይ በቀኝ ቁልፍ ተጫኑ፣ ዲስፕሌይ ሴቲንግስ ግቡ፣ ቴሌቪዥኑን ምረጡና "ሪኮመንድድ" የሚል የተጻፈበትን ውሰዱ። ለተራ ኤችዲ ቴሌቪዥን 1920 በ1080፣ ለ4ኬ ደግሞ 3840 በ2160 ነው። ብዙ ትንንሽ ቴሌቪዥኖች የራሳቸው ስክሪን 1366 በ768 ስለሆነ በየትኛውም ቢሆን ትንሽ መለጠጥ ወይም መጨመቅ አይቀርላቸውም። ከእነሱ ፍጹም የጠራ ጽሑፍ አትጠብቁ፣ ጠርዙ ግን ሙሉ ሆኖ መታየት አለበት።

በቪጂኤ ገመድ ለምትጠቀሙ ደግሞ የቴሌቪዥኑ ፒሲ ሜኑ ውስጥ "ኦቶ አድጀስት" አለ። ዴስክቶፑ ላይ ደማቅና እስከ ጠርዝ የሚደርስ ምስል ከፍታችሁ ተጫኑት። ጥቁር ምስል ላይ ከተጫናችሁት ቴሌቪዥኑ ጠርዙ የት እንደሆነ ማየት ስለማይችል ጭራሽ ያዛንፈዋል።

የጌም መጫወቻዎች ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ "ስክሪን ኤንድ ቪዲዮ" ውስጥ "አድጀስት ዲስፕሌይ ኤሪያ" የሚል አለ፤ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ "ሳውንድ ኤንድ ስክሪን" ውስጥ "ዲስፕሌይ ኤሪያ ሴቲንግስ" ነው። ኒንቴንዶ ስዊች ላይ "ቲቪ ሴቲንግስ" ገብታችሁ "አድጀስት ስክሪን ሳይዝ" የሚለውን 100 በመቶ አድርጉት። ቴሌቪዥኑ አስቀድሞ ተስተካክሎ ከሆነ ሁሉም ላይ እስከ ጫፍ መውሰድ ነው። ኮዲ የሚባለውን የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ሰዎች ደግሞ የዲስፕሌይ ሴቲንጉ ውስጥ ቪዲዮ ካሊብሬሽን የሚባል አላችሁ፤ የላይኛውን ግራና የታችኛውን ቀኝ ጥግ ምልክት እየገፋችሁ በትክክል ጥጉ ላይ ማሳረፍ ነው። የሰብታይትሉን ከፍታም እዚያው ታስተካክሉታላችሁ።

የዲሽ ሪሲቨር ላይ ሁለት ቦታ እዩ። የስክሪን ቅርጹ 16:9 መሆኑን፣ የምስል አቀራረቡ ደግሞ "ፓን ስካን" አለመሆኑን። ፓን ስካን ሰፊውን ምስል ለ4:3 ስክሪን እንዲሆን ከግራና ከቀኝ ይቆርጠዋል። ሪሲቨሩ ሪሞት ላይ የዙም ቁልፍ ካለም ልብ በሉ፤ ልጆች ሲነካኩት ወይም በስህተት ሲጫን ሪሲቨሩ ዙም ያደርጋል፣ ቴሌቪዥኑ ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል። ሁለቱን ለየብቻ ወደ ቦታቸው መልሱ።

ስልካችሁን ቴሌቪዥኑ ላይ ስትለቁ ከላይና ከታች ጥቁር ከታየ ጤነኛ ነው፤ የብዙ ስልኮች ስክሪን ከቴሌቪዥን ይልቅ ረዘም ያለ ነው። ግን ቪዲዮውን ስልኩ ላይ በሁለት ጣት ለጥጣችሁት ከሆነ ከላይና ከታች የተቆረጠው እንደተቆረጠ ወደ ቴሌቪዥኑ ይሄዳል። በሁለት ጣት መልሳችሁ ሰብስቡት።

ቪዲዮው ራሱ ከሆነ

ቪኤልሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቪዲዮ ማጫወቻ ላይ ሳታስቡት ቁልፍ ነክታችሁ ሊሆን ይችላል። "ሲ" የምትለው የእንግሊዝኛ ፊደል መቁረጫ ናት፣ "ኤ" የምስሉን ምጥጥን ትቀይራለች፣ "ዜድ" ዙም ናት። በተጫናችሁ ቁጥር ቀጣዩ ምርጫ ስሙ ስክሪኑ ላይ ይመጣል፤ መቁረጫውና ምጥጥኑ "ዲፎልት"፣ ዙሙ ደግሞ "1:1 ኦሪጅናል" እስኪል መጫን ነው። ሰብታይትሉ ብቻ ከሆነ የሚጠፋው፣ የቪኤልሲ ሴቲንግ ውስጥ ሰብታይትሉን በፒክሰል ወደ ላይ የሚገፋ ቦታ አለ።

ጥቁር መስመርን እንደ ብልሽት አትቁጠሩት። ብዙ የሲኒማ ፊልም 2.39 ለ1 በሆነ ስፋት ነው የሚሠራው። 1920 በ1080 ስክሪን ላይ ሲቀመጥ ቁመቱ 803 ፒክሰል ገደማ ብቻ ይይዛል፣ የቀረው ከላይና ከታች ጥቁር ይሆናል። "ስክሪኑ ይሙላልኝ" ብላችሁ ዙም ብታደርጉ ከፊልሙ ስፋት ሩብ ያህሉ ይሄዳል፤ ዳር ላይ ቆሞ የሚናገረው ሰው ድምፁ ብቻ ይቀራል። የድሮ 4:3 ቪዲዮም እንደዚሁ ነው፣ በጎኑ ያለውን ጥቁር ለመሙላት ዙም ካደረጋችሁት ከቁመቱ ሩቡ ይቆረጣል፣ አብዛኛውን ጊዜም የሚሄደው የሰው ግንባር ነው። እኔ ጥቁሩን መተው እመርጣለሁ። ሠሪው ያየውን ሁሉ ማየት ይሻላል።

የቴሌቪዥኑን ሜኑ ሁሉ ፈትሻችሁ መቁረጡን የሚያጠፋ ነገር ካላገኛችሁ፣ ያኔ ብቻ ነው ዕቃው ላይ ማሳነስ የሚመጣው። 95 በመቶ ገደማ አድርጉና የሙከራ ምስሉ ላይ ቀዩ መስመር በአራቱም ጎን እስኪወጣ ጥቂት ጥቂት አስተካክሉ። ፋይሉን ራሱን አሳንሳችሁ እንደገና አታስቀምጡት፤ ሌላ ደህና ቴሌቪዥን ላይ ስትከፍቱት ዙሪያውን ጥቁር ይዞ ይቀራል።

ቪዲዮ ለምትሠሩ ደግሞ፣ የምትልኩት ቪዲዮ የት እንደሚታይ አታውቁም። የሠርግ፣ የምረቃ ወይም የማስታወቂያ ቪዲዮ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ማንም ሴቲንጉን ነክቶት በማያውቅ ቴሌቪዥን ነው። የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ኅብረት ለ16:9 ምስል የሚመክረው ጽሑፍ ከየጎኑ 5 በመቶ ወደ ውስጥ እንዲገባ፣ ዋናው ድርጊት ደግሞ ቢያንስ 3.5 በመቶ እንዲገባ ነው። 1920 በ1080 ላይ ለጽሑፍ ከግራና ከቀኝ 96፣ ከላይና ከታች 54 ፒክሰል ማለት ነው። ኤዲት የምታደርጉበት ፕሮግራም "ሴፍ ኤሪያ" የሚል መስመር ካለው አብሩትና ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ሎጎና ሰብታይትል ሁሉ ከመስመሩ ውስጥ እንዲያርፉ አድርጉ።